«እረ መላ መላ» እና የማይጮኸው ጊታር

ስለ «እረ መላ መላ» የተጻፈውን ያነበበ ሰው ሥራውን አንድ ሰው ብቻውን የሠራው ሊመስለው ይችላል። ብዕሩ ሁሉ ወደ ማህሙድ አህመድ ጉሮሮ ያደላል። አይፈረድበትም፤ ያ ድምፅ ሲነሳ ሌላ ነገር መስማት ይከብዳል። የኔ ጉዳይ ግን ከድምፃዊው ጀርባ ካለው ጊታር ጋር ነው። ዛሬ አራዳና ፒያሳ አካባቢ ጊታር በጀርባው አንግቶ የሚታይ ወጣት «የድሮው ሳውንድ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ሥራና የዘመን ጓደኞቹን ማለቱ ነው። ያንን ሳውንድ ፍለጋ የጊታሩን ፒክአፕ ሊያስቀይር ሲነሳ ደግሞ የሚመርጠው ከሳውንዱ የሚያርቀውን ነው፤ ጠንካራውን፣ የሚጮኸውን፣ ማሸጊያው ላይ እሳት የተሳለበትን።

አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ ሪከርድስ ነው። አሳታሚው ዓሊ አብደላ ካይፋ፣ ሰዉ በሚያውቀው ስሙ ዓሊ ታንጎ። ያጀበው አይቤክስ ባንድ፣ በሊድ ጊታር ሰላም ስዩም፣ በቤዝ ጊታር ጆቫኒ ሪኮ። ይህ ባንድ ኋላ ሮሃ ተብሎ በካሴት ዘመን የማያጅበው ድምፃዊ የጠፋ እስኪመስል ድረስ ሠርቷል። በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለ የብራስልስ አሳታሚ «እረ መላ መላ»ን ለአውሮፓ ጆሮ አደረሰው፤ በ1999 ደግሞ የፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሰባተኛ ቅጽ አድርጎ አሳተመው። ዛሬ አብዛኛው ወጣት የሚሰማው ከዚህ ከመጨረሻው እትም የተቀዳውን ነው።

አንድ ነገር መጀመሪያ ላንሳ። የውጭ ጸሐፊዎች ያስለመዱን «ወርቃማው ዘመን» የሚባል ትረካ አለ። እንደ ትረካው ከሆነ ዘመናዊው ሙዚቃችን በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ለመለመ፣ በ1974 ደርግ መጥቶ አጨደው። የደርግ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ጭፈራ እንደጎዳው እውነት ነው። ነገር ግን የዘመኑ ሁሉ ዘውድ እየተባለ የሚወደሰው ይህ ሥራ የተሠራው ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ነው። በአሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ የጀመረው ማህሙድ እስከ 1974 ድረስ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፃዊ ነበር። ኦርኬስትራው ማለት ነፋስ መሣሪያ ማለት ነው፤ ትራምፔቱ፣ ትሮምቦኑ፣ ሳክሶፎኑ በረድፍ ተቀምጦ፣ ጊታሩ ከኋላ ሆኖ ምት ይጠብቃል። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት፣ ሁሉም በዚህ ቅርፅ ነበር የተሠሩት። ዘፈኑ ከመንግሥት ኦርኬስትራ ወጥቶ የሆቴል ባንዶች እጅ ሲገባ ነፋስ መሣሪያው አነሰ፣ ክፍት ቦታ ተገኘ፣ ያንን ክፍት ቦታ ጊታርና ቤዝ ያዙት። ስለዚህ «እረ መላ መላ»ን የአንድ ዘመን ስንብት አድርጎ መስማት ለኔ አይዋጥልኝም። የጊታር ዘመን መግቢያው እሱ ነው።

ፒያሳ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልካች ብቻ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1948 በንጉሡ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለብቻው የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ነው፤ ሀገር ፍቅር ደግሞ ዛሬም እዚያው አራዳ ውስጥ አለ። ያንን ብቸኛ መብት በ1969 ደፍሮ የጣሰው ሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ነው። ማህሙድ ራሱም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፒያሳ ላይ የሙዚቃ ቤት ከፍቶ ነበር፤ «ማህሙድ ጋ» ሲባል የሰፈሩ ልጅ የት እንደሆነ አይጠይቅም ነበር። ዛሬ ከፒያሳ ብዙው ፈርሶ እንደ አዲስ እየተሠራ ነው፤ በጣይቱ ሆቴል የነበረው የጃዝ ክለብ ጃዛምባም ጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ወድሟል። ጊታር የያዘው ወጣት ግን ከአካባቢው አልጠፋም፤ ጥያቄውም አብሮት አለ፤ ያንን ሳውንድ በምን ላግኘው?

ወደ ሥራው እንግባ። ሰላም ስዩም እዚህ ላይ የሚሠራውን ለመረዳት የማይሠራውን ማስተዋል ይቀድማል። ረጅም ሶሎ ወስዶ አይፎክርም። ኮርድ ረግጦ ቦታውን አይሞላም። አጭር ሐረግ ይይዛል፣ ይመልሳታል፣ እንደገና ይመልሳታል፣ ከዚያ ማንም ሳይጠብቅ ጫፏን ያጣምማታል። ሪኮ ከሥር የራሱን ዙር ይዞ ሲሽከረከር ሁለቱ አይነካኩም፣ አይራራቁምም። ማህሙድ ከላይ ድምፁን እየሳበ፣ እያንቀጠቀጠ፣ ከምቱ ቀድሞና ዘግይቶ ሲሄድ፣ ጊታሩ መሬት ሆኖ ይጠብቀዋል። እዚህ ያለው ጥበብ የክራር ጥበብ ነው። ክራር ገራፊ አንድ ሐረግ ለሰዓት ቢመላልስ አድማጭ አይሰለችም፤ በየዙሩ ከጣቱ የምትወጣው ትንሽ ጌጥ ትለያያለችና።

ያቺ ጌጥ ናት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ። የምትኖረው በድምፁ ጅማሬ ላይ ነው፤ ፒኩ ክሩን ነክቶ ድምፁ ከመንሰራፋቱ በፊት ባለችው ቅጽበት። ከዋናው ድምፅ በፊት ጣት አጠገቡ ያለውን ጎረቤት ድምፅ ነካ አድርጎ ያልፋል። ይህ በየትኛውም ሙዚቃ ያለ ነገር ነው፤ የኛ ቅኝቶች ግን ነገሩን ያከብዱታል። ሜጀር ትዝታ ውስጥ ግማሽ ድምፅ የሚባል ርቀት የለም፤ አምስቱም ድምፆች በሰፊው ተዘርግተዋል። አምባሰልና አንቺሆዬ ውስጥ ግን በግማሽ ድምፅ ርቀት ተጣብቀው የሚኖሩ ጎረቤቶች ሁለት ሁለት ጥንድ አሉ፤ ሜጀር ባቲም ያው ነው። የቅኝቱ መልክ ያለው እነዚያ ጥንዶች ላይ ነው። ጥንዶቹ ከተደባለቁ አንቺሆዬው አንቺሆዬ መሆኑ ይቀራል፣ የሚቀረው ጩኸት ብቻ ነው።

አሁን ፒክአፑን እናምጣው። ፒክአፕ ማለት ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ከጸጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር ከማግኔቱ በላይ ሲርገበገብ መግነጢሳዊው መስክ ይነቃነቃል፣ ሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ አምፕሊፋየሩ ያንን ያጎላል። ሽቦው ብዙ በተጠመጠመ ቁጥር የሚወጣው ኃይል ይጨምራል፤ ዋጋው ግን አለ፤ ከላይ ያለው ቀጭንና ጥርት ያለው ድምፅ ይሸሻል፣ መሐሉ ያብጣል። የፌንደር ስትራቶካስተር ዓይነት ሲንግል ኮይል 8,000 ገደማ ዙር ይዞ የሽቦው ሬዚስታንስ 6 ኪሎ ኦም አካባቢ ይለካል። መሐንዲሱ ሴዝ ላቨር (Seth Lover) ለጊብሰን በ1955 የፈለሰፈው ሃምበከር በሁለት ጥቅል 5,000 ገደማ ዙር እየያዘ 8 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው። «ሆት» እየተባሉ የሚሸጡት ዘመናዊዎቹ ከ13 እስከ 16 ኪሎ ኦም ይደርሳሉ፤ ብዙዎቹ በአልኒኮ ፋንታ ሴራሚክ ማግኔት አላቸው። ቁጥሩ ብቻውን አያስተማምንም፤ ሽቦው ከቀጠነ በተመሳሳይ ዙር ላይ ኪሎ ኦሙ ያድጋል። ለማነጻጸር ግን ይበቃል።

ጠንካራ ፒክአፕ የአምፕሊፋየሩን መግቢያ በኃይል ሲመታ ድምፁ ይጨመቃል። ትንሹም ትልቁም እኩል ይሆናል። ሰላም ስዩም በቀስታ ነክቶ ያለፋት ጎረቤት ድምፅና አጽንቶ የመታት ዋና ድምፅ ልዩነታቸው ይጠፋል። ዲስቶርሽን ሲጨመርበት ደግሞ ግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ሁለት ኖታዎች አብረው ሲሰሙ መሐላቸው ሻካራ ሦስተኛ ድምፅ ይወለዳል። በርበሬ የበዛበት ወጥ የዶሮው ጣዕም እንደሚጠፋበት፣ ቅኝቱም በኃይሉ ይሸፈናል።

እዚህ ላይ የቆየ ተቃውሞ ይነሳል፤ «ሳውንድ በጣት ነው»። አንጋፋ ጊታሪስቶች ለጀማሪ የሚሰጡት መልስ ይህ ነው። ግማሽ እውነት አለው። ሰላም ስዩምን የሱቅ ጊታር ብንሰጠው ሰላም ስዩም ሆኖ ይሰማል። እኔ የማልስማማው አባባሉ ጥያቄውን ለመዝጋት ሲውል ነው። ጣት ጌጧን ይሠራታል፣ ፒክአፕ ግን ያድናታል ወይም ይገድላታል። ዕድሜ ልኩን ክራር የሰማ ጣት ያለው ልጅ 16 ኪሎ ኦም ፒክአፕ ላይ ሲጫወት ጣቱ የሠራውን ሩቡን አንሰማም። ከዚያ «ጣትህ ገና ነው» ይባላል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ደግሞ የዘመኑን ሁኔታ እናስብ። ፒክአፕ ገዝቶ መቀየር የሚባለው ንግድ በ1975 ገና ጨቅላ ነበር። ዲማርዚዮ ኒውዮርክ ላይ የጀመረው በ1972 ነው፤ ሰይሞር ደንካን ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቋቋመው ገና በ1976። የዚያ ዘመን ሙዚቀኛ ባጠቃላይ ጊታሩ ከፋብሪካው ይዞት በመጣው ፒክአፕ ነበር የሚጫወተው፤ የፋብሪካዎቹ ልማድ ደግሞ ለዘብ ያለ ጥቅል ነበር። ዛሬ «የድሮው ሳውንድ» ብለን የምናመልከው፣ ፒክአፕ መምረጥ ባልተለመደበት ዘመን የተገኘ ነው። ስለዚህ የድሮውን ለሚፈልግ መንገዱ ወደ ኋላ ነው፤ ጥቂት ዙር፣ አልኒኮ ማግኔት፣ ለዘብ ያለ ኃይል።

ከዚህ በፊት ግን ገንዘብ የማያስወጣ አንድ ሥራ አለ፤ ወጣቶቻችንም የሚዘሉት ይህንኑ ነው። ፒክአፑን በዊንጣ መፍቻ ዝቅ ማድረግ። ክሩ ሥር ተጠግቶ የተሰቀለ ፒክአፕ ድምፁን ያደነዝዛል፤ ሲንግል ኮይል ከሆነማ ማግኔቱ ክሩን እየሳበ ቅኝቱን ያዛባል። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲወርድ ኃይሉ ይቀንሳል፣ የድምፁ ጅማሬ ግን ይከፈታል። በፒያሳና በዙሪያዋ ከሚሸጡት ርካሽ ጊታሮች ብዙዎቹ በዚህ ብቻ ሌላ ጊታር ይመስላሉ። ያ ካልበቃ የድምፅ ቁልፉን ማየት ነው። ለሲንግል ኮይል 250፣ ለሃምበከር 500 ኪሎ ኦም የሆነ ቁልፍ ይለመዳል፤ ሃምበከር ገዝቶ በ250 ቁልፍ ላይ ያስበየደ ሰው «ፒክአፑ ደነዘዘብኝ» ቢል ጥፋቱ የፒክአፑ አይደለም። ከዚያም ካለፈና አዲስ ፒክአፕ መግዛት የግድ ከሆነ የክሮቹን ርቀት መለካት ይገባል። የጊብሰን ዓይነት ጊታር ላይ የፒክአፑ ብረቶች ከዳር እስከ ዳር 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው፣ የፌንደር ዓይነት ድልድይ ላይ ሰፋ ይላሉ። ዕቃው ከውጭ ሰው ሲመጣ በሻንጣ የሚላክ በመሆኑ መልሶ መቀየር የለም፤ መለኪያውን አስቀድሞ በቴሌግራም መላክ ከዘመድ ጋር ከመኮራረፍ ያድናል።

ሲንግል ኮይል ወይስ ሃምበከር ለሚለው ጥያቄ ጆሮዬ ወደ ሲንግል ኮይሉ ያዘነብላል፤ የክራርን ጥራት ይዞ የሚቀርበው እሱ ነው። መብራቱ ግን አይፈቅድም። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ሲንግል ኮይል ያንን ንዝረት እንደ አንቴና ይቀበለዋል፣ ድምፅ ማጉያው ውስጥም «ምምም» የሚል ጉምጉምታ ይሰማል። አርዝ በሌለው ሶኬት ላይ፣ ከመብራት ማደብዘዣ አጠገብ፣ በጄኔሬተር በሚሠራ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ጉምጉምታው ከዘፋኙ እኩል ይሆናል። የሃምበከር ብልሃት ይኸው ነው። ሁለቱ ጥቅሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ተጠምጥመው ማግኔታቸውም ተቃራኒ ስለሆነ የክሩ ድምፅ ሲደመር ጉምጉምታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ስለዚህ በየምሽቱ ክለብ ለሚሠራ ጊታሪስት የኔ ምክር ለዘብ ያለ አልኒኮ ሃምበከር ነው፤ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም፤ ከአንገቱ በኩል። ለስቱዲዮ ሥራ ግን ሲንግል ኮይሉን ይዞ፣ ጉምጉምታው እስኪቀንስ የጊታሩን አቅጣጫ እየቀየሩ መቀመጥ ነው። ይህንን ያላደረገ ቀጂ የለም።

አሁን ሥራውን ልውቀሰው። የ«እረ መላ መላ» ድምፅ አቀናጅ ለማህሙድ ካለው ፍቅር የተነሣ ሌላውን ሁሉ አሳንሷል። ጊታሩና ሳክሶፎኑ የሚኖሩት በአንድ የድምፅ ክልል ውስጥ ነው፤ ሳክሶፎኑ ሲገባ ጊታሩ ይሰወራል፣ ሳክሶፎኑ ሲወጣ ጊታሩ ሳይቋረጥ ሲጫወት እንደነበር እንገነዘባለን። ከበሮው ከሪኮ ቤዝ ጎን ሲቆም ቀጭን ነው። ከዋናው ዘፈን ወዲያ ያሉት አንዳንዶቹም የአጃቢነት ግዴታቸውን ተወጥተው ከማለፍ በላይ አይሄዱም፤ ያቺ ጫፏ የምትጣመመው ሐረግ እዚያ አትገኝም። ይህን ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንከን የለሽ አድርገው የሚያወድሱ ሰዎች የመጀመሪያውን ዘፈን ብቻ ደጋግመው የሰሙ ይመስለኛል።

ከዚህም የከፋው የቅጂው ጉዳይ ነው። አባቶቻችን ይህን ሥራ የሰሙት ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ ነው። በየግልባጩ ከላይ ያለው ጥርት ያለ ድምፅ ይቀንሳል። በሦስተኛው ግልባጭ ላይ የሰላም ስዩም ጊታር ጭጋግ ለብሶ ይወጣል። ልጆቻቸውም «የድሮው ጊታር ደብዘዝ፣ ሞቅ ያለ ነበር» ብለው ተቀበሉ፤ ፒክአፕ ሲመርጡም ደብዛዛውን፣ ማለትም ብዙ ዙር የተጠመጠመበትን፣ ይፈልጋሉ። ጭጋጉ ግን የካሴቱ ነው፤ ጊታሪስቱ አልተጫወተውም። የ1999ኙን እትም በጥሩ ማዳመጫ የሰማ ሰው ከዚያ ጭጋግ ሥር ጠርዝ ያለው፣ ንክቱ የሚታወቅ፣ አንዳንዴም ሹል የሆነ ጊታር ያገኛል። ሲዲውም ቢሆን ዋናው ቴፕ አይደለም፤ ግን የአባትን ካሴት ይዞ ወደ ሱቅ ከመሄድ ይሻላል።

ለጠንካራ ፒክአፕ ጨርሶ ቦታ የለም እያልኩ እንዳይመስል። ጃኖ ባንድ በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት ያወጣውን «ኤርታሌ»ን ይስሙ። እዚያ ጊታሩ ግድግዳ ነው፤ ሥራው ጌጥ ማውጣት ሳይሆን ከኋላ ገፍቶ መቆም ነው፤ ጌጡን ድምፃውያኑ ወስደውታል። ዲስቶርሽን የሚወደው ሰፊውን የአምስተኛ ርቀት ነው፤ ጠባቡን ጎረቤት ኮርድ ውስጥ እስካላስገቡት ድረስ ቅኝቱ አይጎዳም። የሮክ ልብ ላለው ልጅ 13 ኪሎ ኦሙ ይሁንለት፣ ሴራሚኩም ይሁንለት። ማታ ክለብ ገብቶ በዚያው ጊታር «እረ መላ መላ»ን ሲጫወት ግን የድምፁን ቁልፍ ወደ ስድስት ያውርደው፣ ዲስቶርሽኑን ይርገጥና ያጥፋው፣ ሳክሶፎኑ ሲገባም ከሱ ጋር ድምፅ አይወዳደር።